ሰባት ተኩል ላይ የምትጎድለው ፀሐይ

በያጁ መደወል አቆመ። ሳንጣላ፣ ሳንኳረፍ፣ ደህና ሁኚ እንኳን ሳይለኝ። ማክሰኞ ደወለ፣ ሳቅን፣ ዘጋን። ረቡዕ አልደወለም። ከዚያ ወዲህ እኔ ስደውል ይጠራል፣ አይነሳም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር። እኔ ጊዜ የለኝም።

ሥራዬ ፀሐይ መገመት ነው። ሰዎች ይመጡና «እዚህ ሜዳ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ብንተክል በዓመት ምን ያህል ብርሃን እናገኛለን?» ይላሉ። መልሱ አንጋጦ በማየት አይገኝም። ኮምፒውተር ውስጥ ሞዴል አለ። ፀሐይዋ ከላይ ስትነሳ ምን ያህል እንደሆነች ያውቃል፤ ከዚያ አየሩ የሚበላባትን ይቀንሳል። አቧራው የራሱን ይወስዳል፣ እርጥበቱ የራሱን ይወስዳል፣ ደመና ከመጣ ደግሞ ለማንም አያስተርፍም። የተረፈው ነው መሬት የሚደርሰው። ግምቱ እውነት መሆኑን ለማወቅ ሜዳው ላይ ጣቢያ እንተክላለን፤ ወገብ በሚደርስ የብረት ምሰሶ ላይ የመስታወት ቆብ የደፋች ትንሽ መሣሪያ። በየደቂቃው የወረደባትን ብርሃን ለክታ ወደ ቢሮ ትልካለች። ሞዴሉ ይገምታል፣ እሷ ትመሰክራለች። ሲስማሙ ደስ ይለኛል። ሳይስማሙ የበለጠ ደስ ይለኛል። የሆነ ነገር አለ ማለት ነዋ!

በያጁንም ያገኘሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ከከተማ ርቆ ጣቢያ ስንተክል ምሰሶና አጥር የሚበይድ ሰው ጠፋ፤ ከቅርቡ ትንሽ ከተማ እሱን አመጡልን። ቀኑን ሙሉ ፊቱን አላየሁትም፣ ጭንብሉን ነው ያየሁት። ሥራውን ሲጨርስ መጥቶ መሣሪያዬ ፊት ተገተረ።

«አንተ! እዛ ጋ አትቁም!»

«የት ጋ?»

«እዛ! ፊቷ! ጥላህ ይመዘገባል።»

«ማን ይመዘግበዋል?»

«እሷ። እኔ ደግሞ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።»

ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ዓይኖቹ በብየዳ ብርሃን ቀልተዋል፤ ግን ይስቃሉ። መሣሪያዋን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና መሣሪያዋን አየ። ከዚያ ሁለት እጁን አንስቶ፣ እንደ ተማረከ ወታደር፣ ወደ ኋላው ሄደ።

«ይቅርታ ኢንጂነር። ሁለተኛ አልቆምም።»

አልቆመምም። ቢሮው መስታወቷን በየጠዋቱ እንዲጠርግ ቀጠረው። የሚጠርገው ከጎን ሆኖ ነው፤ እጁ ብቻ ናት የምትታየኝ። ኮምፒውተሬ ላይ ባለው የብርሃን መስመር ትንሽ ጎድጎድ ትላለች፣ ትሄዳለች። እሱም ለሪፖርት ይደውላል።

«ኢንጂነር፣ ዛሬ ወፍ አርፋባት ነበር። ጠርጌያታለሁ።»

«እሺ።»

«አቧራም ነበረ።»

«እሺ።»

«ሌላ ደግሞ… ሌላ ነገር የለም። ድምፅሽን ፈልጌ ነው።»

ምን ይባላል ለዚህ? እኔ «እሺ» አልኩ። ሦስተኛዋ እሺ ግን ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጋር አትመሳሰልም። እሱም አውቋታል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ እኔ ምሳ በልቼ ስጨርስ፣ ሰባት ተኩል ላይ ከብየዳ ሱቁ ይደውላል። እኔ የቢሮው የኋላ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ፤ ማንም የማይወጣበት፣ መጥረጊያና ባልዲ ያለበት። እሁድ እሁድ ረጅም እናወራለን። እሱ ስለ ብረት ያወራል፣ እኔ ስለ አየር። ክረምቱ ሲያልፍ መጥቼ እናትህን አያለሁ ብዬው ነበር። የእኔን እናት እንዴት እንደማሳየው ግን አልነገርኩትም። እናቴ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ሰውን በዲግሪው ነው የምትጠራው። እና በያጁ መደወል አቆመ።

*

ከሳምንታት በኋላ አለቃዬ ጠራኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ውጭ አገር ለሁለት ዓመት ሰው ይፈልጋል፤ የመላ አገሩን ሞዴል የሚሠራ።

«አንቺን ነው የጻፍኩት» አለኝ። «መልስሽን እስከ አርብ።»

በያጁ ቢኖር አስብበት ነበር። በያጁ የለም። «እሄዳለሁ» ልል አፌን ስከፍት ደመናው ገባ።

ደመናው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የሳተላይት ፎቶ እያየ ደመና ስለሚቆጥር ነው ስሙ። ማንኳኳት አያውቅም።

«እሜቴ፣ ወንፊትሽ አብዷል» አለኝ።

ወንፊት የምንለው እኔ የጻፍኩትን ፕሮግራም ነው። መሣሪያዋ ከሞዴሉ የራቀ ቁጥር በድንገት ስትልክ ወንፊቱ «ስህተት ነው» ብሎ ይጥለውና ሞዴሉ በገመተው ይተካዋል። ወፍ ሲያርፍባት፣ በያጁ ሲጠርጋት፣ እንዲህ ያለውን ያጠራል። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔም አላየውም።

«ምን በላ?»

«ጠዋት ይብላ፤ ጠዋት የመጥረጊያ ነው። ሰባት ተኩል ላይ ምን ይበላል? ያውም በየቀኑ?»

«ደመና ይሆናላ።»

«ደመና የእኔ ነው!» ብሎ ተቆጣ። «ደመና ቢኖር እኔ ሳላውቅ? ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነው የሚያበራው። ያንቺ ፀሐይ ግን ድርግም ትላለች። ለማመንጫው የሚያበድረው ባንክ ቤት የላከው መርማሪ ‹ይሄ ሁሉ የተሞላ ቁጥር ምንድነው?› ብሎ ጠይቋል።»

አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ካወለቀ አበቃ።

«የዚህንም ምክንያት እስከ አርብ» አለ።

ውጭ አገሩን ረሳሁት። የእውነት ነው የምላችሁ። ልቤ ቢሰበርም እንቆቅልሽ ሲሰጠኝ ልጅ ነኝ።

*

ወንፊቱን አጠፋሁና ጥሬውን ቁጥር አወጣሁ። ደመናው ዳቦውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

ጉድለቷ አለች። ጠዋት ፀሐይ እየወጣች፣ እየወጣች፣ ቀትር ላይ ከፍ ብላ፣ ከዚያ በድንገት ጉድጓድ። ጥቂት ደቂቃ። ከዚያ ተመልሳ ቦታዋ። ጉድጓዱ ግን ባዶ አልነበረም፤ በቀጥታ የሚወርደው ብርሃን ብቻ ነው የተቆረጠው፣ ከሰማዩ የሚበተነው አለ። ደመና ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ጠርዙም ይንቀጠቀጣል። ይሄ እንደ በር ይዘጋል፣ እንደ በር ይከፈታል።

«ጥላ ነው» አልኩ። «ጠንካራ ነገር ነው የጋረዳት።»

«ዛፍ።»

«ዛፍ የለም። እኔ ነኝ ቦታውን የመረጥኩት።»

«የአጥሩ ምሰሶ።»

«የአጥር ምሰሶ ቢሆን ይንሸራተታል። ፀሐይ በየቀኑ መንገዷን ትለውጣለች፣ ጥላውም ከሳምንት ሳምንት ይሄዳል። እስቲ ቀኖቹን ደርድራቸው።»

ደረደራቸው። ቀን ከቀን ሥር፣ ቀን ከቀን ሥር። ጉድጓዶቹ አልተንሸራተቱም። አንዱ ካንዱ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ግድግዳ ይመስላሉ።

ደመናው ማኘክ አቆመ።

«ይሄ ነገር» አለ፣ «ሰዓት አስሯል።»

«ምን?»

«ፀሐይን አይደለማ የሚከተለው። ሰዓትን ነው። ፍየል ናት ልልሽ ነበር፤ ግን ፍየል ሰዓት አታስርም።»

«ሰው ነው» አልኩ።

«ሰው ነው። አንዱ ምሳውን በልቶ ሊሸና ይመጣል።»

«አንተ!»

«ምን ላድርግ፣ እኔ እንደማስበው ነው። አየሽ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ይረዝማል። እዚህም። እዚህም። በሳምንት አንዴ።»

ቀኑን አየሁ። እሁድ ነው። የሚቀጥለውም እሁድ ነው።

እጄ መዳፊቱ ላይ ቀረ።

«መቼ ነው የጀመረው?» አልኩ።

ወደ ኋላ ሄደ። ማክሰኞ ላይ ደረሰ። ማክሰኞ ሰባት ተኩል ላይ ፀሐይዋ ሙሉ ናት፤ ሞዴሉና መሣሪያዋ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ማክሰኞ ደውሎልኛል፣ ስቀናል።

«ረቡዕ» አለ ደመናው። «ረቡዕ ነው የጀመረው። ምነው? ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ዳቦህን ይዘህ ውጣ።»

«እንዴ!»

«በሞቴ ውጣልኝ።»

ወጣ።

ሁለተኛ አልቆምም ያለኝ ሰው ነው። ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። ጠዋት ሲጠርግ እንኳን ከጎን ሆኖ ነው፣ አንድ ቀን ጥላው አልወደቀባትም። የቆመው አውቆ ነው። እኔ እንደማየው ስለነገርኩት ነው የቆመው። ደጄ መጥቶ በየቀኑ ያንኳኳል። እኔ ደግሞ በር ላይ ወንፊት አቁሜ፣ «ስህተት ነህ» እያልኩ፣ በግምት እየተካሁት። በያጁን በሞዴል ተካሁት! ምንም እንዳልሆነ፣ ፀሐይዋ ሙሉ እንደሆነች፣ ለባንክ ቤት ጻፍኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ከነከነኝ። የዘነበባቸው ቀኖች አሉ። እነዚያ ቀኖች ላይ ጉድጓድ የለም። ሊኖርም አይችልም፤ ፀሐይ ከሌለ ጥላ የለም። እሱም ያውቃል፤ ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ በዝናብ ቀን አይመጣም፣ ምን ሊሠራ ይመጣል?

ግን ልይ። አንዱን የዝናብ ቀን ከፈትኩ። መስመሩ ከታች ተኝቷል፣ ግራጫ፣ ሰነፍ። ሰባት ተኩል አካባቢውን አጎላሁት። አጎላሁት። አጎላሁት።

ትንሽ ዝቅ ብሏል።

ጥላ አይደለም። ደመና ሲሆን ብርሃኑ ከሁሉም የሰማይ ጎን ነው የሚመጣው፤ ሰው አጠገቧ ከቆመ ከሰማዩ ጥቂቱን በአካሉ ይይዝባታል። ከስህተት የማይለይ ነገር ነው። ማንም አያየውም። ሌላ የዝናብ ቀን ከፈትኩ። አለ። ሌላ። አለ።

እንደማላየው እያወቀ፣ ዝናብ ላይ ቆሟል።

ያኔ አለቀስኩ። ጊዜ ባይኖረኝም።

*

ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ከማክሰኞ እስከ ረቡዕ ስልኬ ከእጄ የራቀው ቤት ብቻ ነው፤ ቤት ገባሁ።

እናቴ ሳሎን መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ስለ ውጭ አገሩ ሥራ የሰጡኝን ወረቀት ታነባለች፤ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ።

«እማ፣ ሰው ደውሎልኝ ነበር?»

«ማን ይደውላል?»

«እማ።»

ወረቀቱን አስቀመጠች። ዳይሬክተር የነበረች ሴት መዋሸት አትችልም፤ ሌሎች ሲዋሹ በማየት ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው።

«ሻወር ውስጥ ነበርሽ» አለች። «ማክሰኞ ማታ። ስልክሽ ጠራ። አነሳሁ።»

«ምን አልሽው?»

«ክፉ ነገር አልተናገርኩም።»

«ምን አልሽው፣ እማ?»

«ልጄ ውጭ አገር ዕድል ልታገኝ ነው፣ ከአለቃዋ ሰምቻለሁ አልኩት። አንተ ካለህ አትሄድም አልኩት። ከወደድካት አትደውልላት፣ ስትደውልም አታንሳ አልኩት። እናት ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«‹እሺ እናቴ› አለ። ‹ቃሌ ነው፣ አልደውልም፣ አላነሳም› አለ።» ጥለት የሌለውን ነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። «ጨዋ ልጅ ነው። ይሰድበኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

«ማን ጠየቀሽ? አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«በያጅ ነው፣ ልጄ! አንቺ ሰማይ የምትለኪ…»

«እሱ ነው ሰማዩን የሚጠርግልኝ! እሱ ባይጠርጋት የምለካው አቧራ ነው!»

ጮህኩ። በቤታችን ማንም ጮሆ አያውቅም። እናቴ ወደ ኋላ አለች። እኔም ደነገጥኩ።

ከዚያ ኮምፒውተሬን አውጥቼ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩ። ሌላ መላ አልመጣልኝም። ለባንክ እንደማስረዳ አስረዳኋት። ይሄ ሞዴሉ ነው። ይሄ መሣሪያዋ ናት። ይሄ ጉድጓድ…

«ምንድነው?»

«እሱ ነው።»

መነጽሯን አስተካከለች። ተማሪ የሠራውን ሒሳብ እንደምታርም በጣቷ መስመሩን ተከተለች። ጉድጓድ፣ ጉድጓድ፣ ጉድጓድ።

«አትደውል አልኩት እንጂ አትቁም አላልኩትም» አለች ቀስ ብላ፤ ለራሷ ነው።

«ቃሉን ጠብቋል።»

«ይሄስ? ይሄ ቀን የለም።»

«ዘንቦ ነው።» አጎላሁላት። «እይ። እዚህ ጋ።»

ብዙ አየችው። ተማሪዎቿን ትምህርት ቤት ረስታ ማታ ቤቷ የገባች ዳይሬክተር ይመስል ነበር ፊቷ።

«ዝናብ ላይም?»

«ዝናብ ላይም።»

ኮምፒውተሩን መለሰችልኝ። ተነሳች፣ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋችው። አበቃ፣ አዘነችብኝ አልኩ። ቆይታ ወጣች። ጥቁሩን ትልቁን ዣንጥላ ይዛለች፤ የአባቴን፣ ከሞተ ወዲህ ማንም ያልነካውን።

«ከሄድሽ ይዘሽ ሂጂ» አለች። «ሳንባ ምች ይይዘዋል፣ ያ ጅል።»

ጅል ስትል ሰማኋት። እናቴ ጅል የምትለው የራሷን ልጆች ብቻ ነው።

*

አርብ ሪፖርቱን አስገባሁ። አለቃዬ እፊቴ አነበበው።

«ምክንያት፦ ሰው» አለ። «ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«የሚጠብቅ።»

«የሚጠብቅ… ጥበቃ ነው?»

«በሉት።»

መነጽሩን አወለቀ። «ቁጥሩስ? በሞዴል እንሙላው?»

«አይሞላም። እንዳለ ይግባ። ጥላም ከሆነ የወረደው እሱ ነው።»

«የውጭ አገሩስ? ዛሬ አርብ ነው።»

«ሰኞ እነግርዎታለሁ።»

«አርብ ነው ያልኩሽ።»

«አውቃለሁ። ግን መልሱ የሁለት ሰው ሆነ፤ አንዱን ገና አልጠየቅኩትም።»

ሊቆጣ አሰበ፣ ተወው። በሩ ላይ ደመናው ጆሮውን ለጥፎ ነበር፤ ስከፍተው ሊወድቅ ደረሰ።

«አንተ፣ ወንፊቱን እንዳጠፋሁት ነው፤ እንዳትመልሰው» አልኩት። «ነገ ጥላው ከሰባት ተኩል ቀድሞ ቢመጣም አትደንግጥ።»

«ምን ብዬ ልመዝግበው?»

«ምንም አትበለው። እየው ብቻ።»

አፉን ከፈተ፣ እኔን አየ፣ የያዝኩትን ዣንጥላ አየ፣ ገባው። ሳይቀልድ ከበሩ ዘወር አለልኝ። እንዲህ ሲሆን አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መስኮት ጋ ተቀመጥኩ። ሰማዩን አየሁ፤ ልማድ ነው። አቧራው ቀላል፣ እርጥበቱ ትንሽ፣ ደመና የለም። ጥሩ ጥላ የሚጥል ቀን ነው ብዬ ገመትኩ። ሌላውን ግን የሚገምትልኝ ሞዴል አልነበረኝም። ምን ይለኛል? ዞሮ ይሄድ ይሆን? ለእናቴ የሰጠው ቃል እኔን ሲያይ ምን ይሆናል? አላውቅም። አለማወቄ ግን እንደ ወትሮው ደስ አላለኝም።

ከመንገዱ ወርጄ ሜዳውን አቋረጥኩ። ሳሩ ውስጥ ቀጭን የእግር መንገድ ወጥቷል፤ ስንተክል አልነበረም። ከከተማው ነው የሚመጣው፣ ጣቢያው ጋ ነው የሚያልቀው፤ ሌላ የትም አይሄድም። አንድ ሰው ብቻውን፣ ሲመላለስ፣ ነው ያወጣው።

የአጥሩን በር ገፋሁት። የመስታወቷ ቆብ ጠዋት ተጠርጋለች፤ ሰማዩ እንዳለ ውስጧ ተቀምጧል። ምሰሶዋ ሥር መሬቱ በጫማ ተደልድሏል።

ሰባት ተኩል አልሞላም።

ዣንጥላውን አጥሩ ላይ አንጠለጠልኩና፣ የተደለደለው ቦታ ላይ፣ ጀርባዬን ለፀሐይ ሰጥቼ ቆምኩ።